የሁለት ሳምንት ጽድቅ - ለማን?

«ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» አለ የአገሬ ሰው! ይህን ተረት ያመጣሁት እንዲያው ለወግ አይደለም። በየዓመቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድረስ ከአሜሪካና ከአውሮፓ እየተነሱ ወደ አፍሪካ፣ ወደ እስያና ወደ ላቲን አሜሪካ የሚጎርፉ ወጣቶች አሉ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ የውሃ ኮዳቸውን ይዘው፣ ካሜራቸውን አንግተው ይመጣሉ። ሊያስተምሩ፣ ቤት ሊሠሩ፣ በሽተኛ ሊረዱ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ሊያቅፉ ነው የሚመጡት። ለስንት ጊዜ? ለአሥር ቀን፣ ለሁለት ሳምንት፣ ሲበዛ ለአንድ ወር። ስማቸው «በጎ ፈቃደኞች» ይባላል።

ለመሆኑ በጎነቱ ለማን ነው? ፈቃዱስ የማን ነው? የድሃው ሰፈር ሰው ተጠይቋል? ወይስ «ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት» ነው ነገሩ?

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ጽሑፍ ወጣቶቹን ለመዝለፍ የተጻፈ አይደለም። አብዛኞቹ ልባቸው ንጹሕ ነው። አንዳንዶቹ ከቤተ ክርስቲያናቸውና ከጎረቤት ገንዘብ ለምነው፣ መኪና አጥበው፣ ኬክ ሸጠው ነው የሚመጡት። ግን ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የልብ ንጽሕና ሌላ፣ የሥራ ውጤት ሌላ ነው። ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰው ሁሉ ግንብ ያቆማል ማለት አይደለም። ግንብ የሚያቆመው ግንበኛ ነው።

ደግሞም ነገሩ ጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ንግድም ነው። ወጣቱን የሚያመጡት ብዙዎቹ ድርጅቶች ገንዘብ ያስከፍሉታል። ከፋይ እሱ ነው። ከፋይ ደግሞ ደንበኛ ነው፤ ደንበኛ ንጉሥ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚወጣው ለድሃው እንዲመች ሳይሆን ለከፋዩ እንዲመች ሆኖ ነው። ማስረጃ ቢያስፈልግ የቀን መቁጠሪያውን ማየት ነው። የፈረንጅ ተማሪ ዕረፍት የሚወጣው በእነሱ በጋ ነው። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። በእኛ ክረምት ተማሪ ቤት ዝግ ነው! ዝናቡም ጭቃ ለማስመረግ አይመችም። ታዲያ ሊያስተምርና ቤት ሊሠራ የሚመጣ ሰው በሐምሌ ምን ይሠራል? መልሱ ቀላል ነው፤ የመጣው ሥራው ስለጠራው ሳይሆን ዕረፍቱ ስለደረሰ ነው።

ሠላሳ ሺህ ዶላር የፈጀ ቤት

ምሳሌ ከሩቅ አገር እናምጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 መጨረሻ ገደማ «ሚች» የተባለ አውሎ ነፋስ ማዕከላዊ አሜሪካን መታ። ሆንዱራስ የምትባለው አገር ክፉኛ ተጎዳች፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ ብዙ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ። ወዲያው ከሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የተውጣጡ ቡድኖች መዶሻቸውን ይዘው እየመጡ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቆይታቸው አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ነው።

ከርት ቨር ቢክ የተባሉ፣ እዚያው ሆንዱራስ የሚኖሩ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ መምህር ይህን ጉዳይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተሙ። ውጤቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፈረንጆቹ መጥተው የሠሩት አንድ ቤት፣ የአውሮፕላን ቲኬቱና የጉዞው ወጪ ሲደመርበት፣ ወደ 30,000 ዶላር ፈጅቷል። የአገሬው ድርጅቶች በአገሬው ግንበኛ ያሠሩት ተመሳሳይ ቤት ግን 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው፤ በአንድ ቤት ዋጋ አሥራ አምስት ቤት ማለት ነው! ከዚያም አጥኚው ቤቱን ያገኙትን ቤተሰቦች ኑሮ ሲያነጻጽሩ፣ በፈረንጅ እጅ በተሠራው ቤት በሚኖረውና በአገሬው ድርጅት በተሠራው ቤት በሚኖረው ሰው መካከል ያገኙት ልዩነት የለም። ጣሪያ ጣሪያ ነው። ማን ምስማር እንደመታበት ዝናቡ አይጠይቅም።

«ይሁን፣ ገንዘቡ ቢባክንም ልጆቹ ድህነትን በዓይናቸው ያያሉ፣ አገራቸው ተመልሰው ዕድሜ ልካቸውን ይረዳሉ» የሚል መከራከሪያ አለ። ጥሩ መከራከሪያ ነው። ነገር ግን እኚሁ መምህር ይህንንም አልማሩትም። ተጓዦቹ ሲጠየቁ «ሕይወቴ ተለውጧል፣ እርዳታዬም ጨምሯል» አሉ። የላካቸው ድርጅት የእርዳታ መዝገብ ሲገለጥ ግን ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልተገኘበትም። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውና መዝገብ የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

እስቲ ደግሞ ሒሳቡን ወደ እኛው መንደር እናምጣው። አሥራ አምስት ወጣቶች መጡ እንበል። ለቲኬት ብቻ እያንዳንዳቸው 1,500 ዶላር ቢከፍሉ 22,500 ዶላር ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆኗል፤ በመቶ ብር ብቻ እናስላው ብንል እንኳ 2,250,000 ብር ነው። ለአንድ ግንበኛ በቀን 1,000 ብር እንክፈል ካልን፣ ይህ ገንዘብ አሥር ግንበኞችን ለ225 ቀን ያሠራል። ከሰባት ወር በላይ ማለት ነው! ወጣቶቹ ግን ብሎኬት አቀብለው፣ ግድግዳ ቀብተው በአሥር ቀን ይመለሳሉ። ጠዋት ጠዋት በየአደባባዩ አካፋውንና መዶሻውን ይዞ «ዛሬስ የሚወስደኝ አገኝ ይሆን?» እያለ የሚቆመው ያገራችን ልጅ ደግሞ ቆሞ ይውላል። ድህነት ማለት እኮ ይህ ነው። ድሃ ሰፈር የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ለጉልበቱ የሚከፍለው ሰው ነው። ጉልበት ለተረፈው ሰፈር ጉልበት ይዞ መምጣት ለጣና ውሃ በእንስራ እንደመውሰድ ነው።

እናት እያለው «ወላጅ አልባ»

የገንዘቡ ነገር እንኳ ቢታለፍ ይታለፋል። የማይታለፈው የሕፃናቱ ጉዳይ ነው።

ካምቦዲያን እንውሰድ። በዩኒሴፍ ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ2005 እስከ 2010 በነበሩት ዓመታት በዚያች አገር የሕፃናት ማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ ጨምሯል። ጦርነት ተነስቶ ነው? የለም። ወረርሽኝ ገብቶ ነው? የለም። እነዚያ ዓመታት ሰላምና የኢኮኖሚ ዕድገት የነበረባቸው ናቸው። የጨመረው ወላጅ አልባው ሕፃን ሳይሆን ወላጅ አልባ ሕፃን ሊያቅፍ የሚመጣው ቱሪስትና የሚሰጠው ዶላር ነው። በማሳደጊያዎቹ ከነበሩት ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በሕይወት ያለ እናት ወይም አባት ነበራቸው። ጉድ እኮ ነው! እናት እያለው ወላጅ አልባ!

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደላላ ወደ ገጠር ይወርዳል። ለድሃ እናት «ልጅሽ በነፃ ይማራል፣ በልቶ ያድራል» ይላታል። እናት ምን ታድርግ? የልጇን መራብ የምታይ እናት ትምህርትና እንጀራ ሲባልላት እሺ ትላለች። ልጁ ከተማ ይገባል። እዚያ በየሁለት ሳምንቱ አዲስ ፈረንጅ እየመጣ ያቅፈዋል፣ ያጫውተዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አልቅሶ ይሰናበተዋል። ልጁ ይላመዳል፤ ሰውየው ይሄዳል። ሌላ ይመጣል፤ ደግሞ ይላመዳል፤ ደግሞ ይሄዳል። አንድ ሕፃን በዓመት ስንት ጊዜ እናት ይሙትበት? ገንዘቡ የሚመጣው ልጁ ሲያሳዝን ነውና፣ ለአንዳንዱ የማሳደጊያ ባለቤት ልጁ ጠግቦና ለብሶ ከታየ ገበያው ይቀዘቅዝበታል።

በኔፓልም ተመሳሳይ ነው። ማሳደጊያዎቹ የተከማቹት ድህነቱ በከፋባቸው ተራሮች ላይ ሳይሆን ቱሪስት በሚበዛባቸው እንደ ካትማንዱ ባሉ ወረዳዎች ነው። በሄይቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ከደረሰው ርዕደ መሬት ጥቂት ቀናት በኋላ፣ አሥር አሜሪካውያን 33 ሕፃናትን በአውቶቡስ ጭነው ያለ ሕጋዊ ወረቀት ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊያሻግሩ ሲሉ ተያዙ። «ወላጅ አልባ ሕፃናትን ልናድን ነው» ነበር ያሉት። ሲጣራ ሕፃናቱ ወላጅ ያላቸው ሆነው ተገኙ።

ይህ የአንድ ጋዜጠኛ እሮሮ ብቻ አይደለም። የአውስትራሊያ ፓርላማ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሪፖርት ጉዳዩን ከዘመናዊ ባርነት ጋር አያይዞ አይቶታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች ውስጥ የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ሕፃናትን እንዳይጎዳ አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ጠይቋል።

እኛስ? እኛማ ይህን ፊልም በሌላ ርዕስ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኢትዮጵያ ለአሜሪካ ጉዲፈቻ ልጅ በመስጠት ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ብቻ ከ2,000 በላይ ሕፃናት ሄደዋል። ከእነሱም መካከል ወላጅ ያላቸው፣ ወላጆቻቸውም «ተምሮ ይመለሳል» ተብለው የፈረሙ ነበሩ። ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን የከለከለው በጥር 2010 ዓ.ም. ነው። ጉዲፈቻውና የሁለት ሳምንቱ ጉብኝት አንድ አይደሉም፤ የገበያው ሕግ ግን አንድ ነው። ፈላጊ ሲበዛ «ወላጅ አልባ» ይመረታል።

ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው?

ሌላው የሕክምናው ነገር ነው። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ይገመት! አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቺካጎ ሄዶ «ሁለት ሳምንት ዕረፍት አለኝ፣ የእናንተን በሽተኞች መርፌ ልውጋ» ቢል ምን ይባላል? ፖሊስ ይጠራበታል። የቺካጎው ተማሪ ወደ እኛ ዓይነቱ አገር ሲመጣስ? ጭብጨባ ይጠብቀዋል፤ ነጭ ጋውንም ይሰጠዋል። የድሃ ገላ መለማመጃ የሆነው መቼ ነው?

በኡጋንዳ፣ ጂንጃ በምትባለው ከተማ የሆነውን ዓለም ሰምቶታል። የሕክምና ትምህርት ያልነበራት አንዲት አሜሪካዊት ወጣት በመጀመሪያ በበጎ ፈቃደኛነት መጣች፤ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2009 በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ማዕከል ከፈተች። በድርጅቱ በራሱ መዝገብ መሠረት ከ2010 እስከ 2015 በማዕከሉ ከታዩት 940 ሕፃናት 105ቱ ሞተዋል። በ2019 ሁለት እናቶች ከሰሱ። ተከሳሿ እንደ ሐኪም አልሠራሁም ስትል ክሱን ክዳለች፤ በ2020 ጥፋት ሳይታመን ጉዳዩ በስምምነትና በካሳ ተዘጋ። ፍርዱን ለእግዚአብሔር እንተው። ጥያቄው ግን የኛ ነው፤ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ትምህርት እንዲህ ያለ ማዕከል በገዛ አገሯ መክፈት ትችል ነበር? ይህች ሴት ደግሞ ዓመታት የቆየች ናት፤ ስለዚህ ነገሩ የጊዜ ማጠር ብቻ አይደለም። ደግነት በፈቃድ ወረቀትና በሙያ ቦታ ሲገባ ነው አደጋው።

እንግዲያ ማንም አይምጣ?

እንዲህ አላልንም። ኢቫን ኢሊች የተባሉ በሜክሲኮ ይኖሩ የነበሩ የካቶሊክ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1968 ለክረምት ዘመቻ ወደ ሜክሲኮ ሊሄዱ ለተሰበሰቡ የአሜሪካ ተማሪዎች ባደረጉት ንግግር፣ ለመማርና አገር ለማየት ከሆነ ኑ፤ ለመርዳት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ የሚል ምክር ሰጥተዋቸው ነበር። ይህ ጸሐፊ ግን በዚህ በኩል ከቄሱ ይለያል። መጥቶ የጠቀመ አለና።

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የመጡትን የመጀመሪያዎቹን የሰላም ጓዶች የሚያስታውሱ አባቶች ዛሬም አሉ። ከ270 በላይ ነበሩ፤ በአብዛኛው መምህራን ናቸው። የመጡት መንግሥት መምህር አጥቶ ስለጠራቸው ነው። አማርኛ ተምረው፣ በየክፍለ ሀገሩ ገብተው ሁለት ዓመት ያስተምሩ ነበር። በዚያው ዘመን የእኛዎቹ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም «የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» በተባለው ደንብ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየወጡ ያስተምሩ ነበር። ፖለቲካው ሌላ ጉዳይ ነው። ነገር ግን አንድ ዓመት ያስተማረ ሰው የተማሪዎቹን ስም ያውቃል፤ ፈተና አርሞ ውጤት ሰጥቶ ይሄዳል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድስ? እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት ኮንትራት ነበር ከአውስትራሊያ የመጡት። ሦስቱ ዓመት አላለቀም! ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ከስልሳ ዓመት በላይ እዚሁ ኖሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችን አክሟል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እጃቸውን ለኢትዮጵያውያን አስተላልፈዋል። ለመታከም የመጡት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቆጥሩ ገብተው በቀዶ ሕክምና ሙያቸው ዓለም ያወቃቸው ባለሙያ ሆነዋል።

«ታዲያ ሁሉም ሰው ስልሳ ዓመት ይቀመጥ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል የሚመጡት የውጭ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች የሚቆዩት ብዙውን ጊዜ አንድና ሁለት ሳምንት ነው። ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። የሚመጡት ማዕከሉ ሲጠራቸው ነው። የሚሠሩት በገዛ አገራቸው የተፈቀደላቸውን ሥራ ነው። አብረዋቸው የሚቆሙት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ናቸው፤ እነዚህም እያዩ፣ እየረዱ፣ በኋላም ራሳቸው ቀዶ ጥገናውን ወደ መሥራት ደርሰዋል። በሺህ የሚቆጠር ሕፃን ወረፋ በሚጠብቅበት ቦታ እንዲህ ያለ ሁለት ሳምንት ወርቅ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ከሁለት ሳምንቱ ሳይሆን ባዶ እጁን ከሚመጣው ሁለት ሳምንት ነው።

የእኛስ እጅ የለበትም?

ጣት ወደ ፈረንጅ መቀሰር ቀላል ነው። ግን በሩን የሚከፍተው ማነው? ለእንግዳው ፎቶ ሕፃናቱን አሰልፎ የሚያዘፍነው፣ ባለፈው ዓመት የተቀባውን ግድግዳ ዘንድሮ ደግሞ «ቅቡት» የሚለው የእኛው ሰው ነው። «እምቢ ካልን እርዳታው ይቀርብናል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ለማኝ አይመርጥም። ግን ቢሮው፣ ወረዳው፣ ሚኒስቴሩ ለማኝ አይደሉም። ደመወዝ የሚበሉት «ይህ እንግዳ ምን ያውቃል? ለምን መጣ? ከሕፃናቱ ጋር የሚውለው በማን ፈቃድ ነው?» ብለው ሊጠይቁ ነው። የአገሬውን ነርስ ያለ ፈቃድ ስትሠራ ቢያገኙ ክሊኒኩን የሚያሽጉ ባለሥልጣናት፣ ለፈረንጁ ሲሆን ምነው ማኅተሙ ጠፋባቸው?

ለነገሩ ባለሥልጣኖቻችንስ ከማን ያንሳሉ? በየክረምቱ የአቅመ ደካማ ቤት እናድሳለን እያሉ አካፋ ጨብጠው በቴሌቪዥን የምናያቸውን ማለቴ ነው። ቤቱ የታደሰላቸው እናቶች ተጠቅመዋል፤ አይካድም። ግን አንድ ሹም ለግማሽ ሰዓት ጭቃ ለመርገጥ በስንት መኪና ታጅቦ እንደሚመጣ ቢሰላ፣ የሆንዱራሱ ሒሳብ እዚህም ሳይደገም አይቀርም። ጽድቅ በካሜራ ሲሆን መልኩ አንድ ነው፤ ፈረንጅም ይሥራው ሐበሻ።

እንግዲህ ለመርዳት ለሚነሳ ሁሉ፣ ከቺካጎ ለሚመጣው ወጣትም፣ ከዋሽንግተን ለሚመጣው የእኛው የዲያስፖራ ልጅም፣ አራት ጥያቄ እናቅርብ። ማን ጠራችሁ? የምትሠሩትን ሥራ በአገራችሁ ትፈቀዱበታላችሁ? የምትሠሩት የማንን እንጀራ ነው? ስትሄዱ እዚህ የሚቀር ሙያ አለ ወይ? ለአራቱም መልስ ያለው ሰው ይምጣ፤ ቡናው ይፈላለታል። መልስ የሌለው ደግሞ አገር ሊጎበኝ ይምጣ። ላሊበላን ይይ፣ ሆቴል ይደር፣ አስጎብኚ ይቅጠር፣ ሽሮ ይብላ። ቱሪስት መሆን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የከፈለው ብር የሠራተኛ ኪስ ይገባል። የቲኬቱን ዋጋ ግን ለመርዳት ከቆረበ፣ ከቤቱ ሳይወጣ ለአንድ መምህር ደመወዝ፣ ለአንዲት አዋላጅ ትምህርት ይክፈል። ፎቶ የለውም፤ ጭብጨባም የለውም። ልጁን ታቅፋ በእናቱ ቤት የምታሳድግ እናት ግን ትኖራለች።

ልብ ያለው ልብ ይበል!